ስለ ዘር የተጣሉባቸው ሌሊቶች

ወዳጆቼ፣ የልደታ ልጅ ሆኖ የአፍሪካ ኅብረትን ግቢ የማያውቅ የለም። የምናውቀው ግን በሥራው ሳይሆን መንገድ ሲዘጋ ነው። የመሪዎች ጉባኤ ደረሰ ሲባል ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት የሚወስደው መንገድ ይታጠራል፣ ታክሲ ይጠፋል፣ እኛም በእግራችን እየኳተንን «እነዚህ ሰዎች ግን እዚያ ውስጥ ምን ይሠራሉ?» እንባባላለን። ዛሬ የዚህን ጥያቄ አንዲት ጥግ ልመልስ ነው። ምክንያቱም ያ ድርጅት ገና «የአፍሪካ አንድነት ድርጅት» ይባል በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ጉዳይ ላይ አህጉሩ በአንድ አፍ ተናግሮ ዓለምን አስገድዶ ነበር። አፉም አዲስ አበባ ነበር።

ጉዳዩ ዘር ነው። በተለምዶ «ጂ.ኤም.ኦ.» የምንለው፣ የሀገራችን አዋጅ ደግሞ «ልውጠ ሕያው» የሚለው ነገር። ሳይንቲስቶች ከአንድ ሕያው ፍጥረት ዘረ መል ወስደው በተፈጥሮ ከማይዳቀለው ሌላ ፍጥረት ውስጥ ያስገባሉ። ቢቲ ጥጥ የሚባለውን ውሰዱ። አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረ መል ገብቶበታል፤ ጓይ ትል የጥጡን ፍሬ ሲበላ በዚያ ዘረ መል የተሠራው ፕሮቲን የትሉን አንጀት ይጎዳውና ይገድለዋል። ገበሬው የሚረጨው መድኃኒት ይቀንሳል ማለት ነው። በሌላ በኩል ዘሩ የኩባንያ ነው፤ ዱቄቱ (ማለቴ የአበባው ብናኝ) ነፋስ ሲወስደው ደግሞ የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም። እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ስለሆነ ስለ ትሉ አንጀት ከዚህ በላይ አልገፋም። የምጽፈው ስለ ስብሰባው ነው። ስብሰባው ከትሉ ይልቅ አስገራሚ ነው፣ እመኑኝ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የሀገር ውስጥ አዋጆች ሲመጡ የኛን እጨምራለሁ።)

በ1992 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ሲፈረም፣ አንቀጽ 19 ውስጥ አንዲት ትንሽ ዐረፍተ ነገር ገባች። ይዘቷ ሲጠቃለል፣ አባል ሀገሮች ስለ ልውጠ ሕያዋን ዝውውር የተለየ ፕሮቶኮል ያስፈልግ እንደሆነ ያጤናሉ የሚል ነው። «ያጤናሉ» ማለት በዲፕሎማሲ ቋንቋ «እንረሳዋለን» ማለት ሊሆን ይችል ነበር። ታዳጊ ሀገሮች ግን አልረሱትም። በ1995 ጃካርታ ላይ ድርድሩ እንዲጀመር ተወሰነ፤ በሐምሌ 1996 ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያው ስብሰባ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ልውጥ አኩሪ አተርና በቆሎ በገፍ መዘራት ጀምሮ ነበር። ሕጉ ሳይረቀቅ እህሉ መርከብ ላይ ተጭኗል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ነው ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የሚገቡት። በ1940 አድዋ የተወለዱ የዕፅዋት ሳይንቲስት ናቸው። በ1969 ዶክትሬታቸውን ዌልስ ውስጥ ያዙ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ በኋላም የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የኢትዮጵያን ዕፅዋት በየጥራዙ የመዘገበውን የፍሎራ ፕሮጀክት መርተዋል። ድርድሩ ሲጀመር የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ብዙ ጊዜ በሀገር ልብስ ስብሰባ ይገቡ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን የማይጮኹ ሰው። የአፍሪካ ቡድን ዋና ተደራዳሪ ሆኑ።

ለምን ኢትዮጵያዊ? አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ይህች ሀገር በሰብል ዘር ሀብቷ ከዓለም ጥቂት ማዕከሎች አንዷ መሆኗን ሩሲያዊው ቫቪሎቭ በ1920ዎቹ መጥቶ አይቶ መስክሯል። በ1976 አዲስ አበባ ውስጥ የዕፅዋት ዘር ባንክ ተቋቁሟል፤ ባንኩን የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ ዘር ከማቀዝቀዣው ይልቅ በገበሬው ማሳ ላይ መቆየት አለበት ብለው በመሥራታቸው በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ወስደዋል። እንግዲህ ስለ ዘር ማሰብ እዚህ ሀገር የቆየ ትምህርት ነው። ማሽላ ዱር ካሉ ዘመዶቹ ጋር አብሮ በሚበቅልበት ምድር፣ አንዴ የገባ ባዕድ ዘረ መል «ተመለስ» ቢሉት አይመለስም። አዮዋ ውስጥ ለሚኖር ገበሬ ይህ የሩቅ ሐሳብ ነው፤ ለወሎ ገበሬ ግን የጎረቤት ማሳ ነው።

ትብብሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም «ትብብር» የሚለው ቃል ራሱ ያንቀላፋል። አንድ ትልቅ ሀገር ለድርድር ሲሄድ የሕግ ባለሙያው፣ የንግድ ሚኒስቴሩ ሰው፣ ሳይንቲስቱ፣ የኩባንያ አማካሪው ሁሉም አብረው ይሄዳሉ። የአፍሪካ ሀገር ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው የሚልከው። ስብሰባው ደግሞ በአንድ ጊዜ በሁለትና ሦስት ክፍል ይካሄዳል፤ ከዚያም የሌሊቱ ስብሰባ አለ። አንድ ሰው በሦስት ወንበር መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ አፍሪካውያኑ ተከፋፈሉት። አንዱ የካሣውን አንቀጽ ይዞ ይቀመጣል፣ ሌላው የእህል ንግዱን፣ ማታ ላይ ተገናኝተው ይነጋገራሉ፣ ጠዋት አንድ ሰው በሁሉም ስም ይናገራል። ሌላው «እናጤነው» እያለ ሳለ እነሱ የተሟላ ረቂቅ ይዘው ቀረቡ። ረቂቅ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ፣ ዕድር ስብሰባ ላይም ብትሉ፣ ክርክሩን በራሱ ወረቀት ላይ እንዲሆን ያደርገዋል።

በየካቲት 1999 የመጨረሻው ስብሰባ ኮሎምቢያ፣ ካርታሄና ከተማ ውስጥ ተጠራ። ፕሮቶኮሉ ስሙን ያገኘው ከዚህች ከተማ ነው፤ የሚገርመው ግን እዚያ አልተፈረመም። እዚያ ፈረሰ። ፍጥጫው የመጣው ከስድስት ሀገሮች ነው፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ አርጀንቲና፣ ቺሊና ኡራጓይ። «የማያሚ ቡድን» ተባሉ። አሜሪካ የብዝኀ ሕይወት ስምምነቱ አባል እንኳ አልነበረችም፣ አሁንም አይደለችም፤ ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ ነበረች፣ ድምፅዋም ይሰማ ነበር። ጥያቄያቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ለመዝራት የሚመጣውን ዘር ተቆጣጠሩት፤ ለምግብና ለመኖ በመርከብ የሚጓዘውን እህል ግን አትንኩብን። ከእህሉ ንግድ ጋር ሲነጻጸር ለዘር የሚላከው እፍኝ ነው። እፍኙን ፈቅደው ጎተራውን ሊያስቀሩ ነበር።

ይህች ሌሊት ሌላም ነገር አፍርሳለች። ታዳጊ ሀገሮች ለአሥርተ ዓመታት በቡድን 77 ጥላ ሥር አብረው ይደራደሩ ነበር። አርጀንቲና፣ ቺሊና ኡራጓይ ግን እህል ላኪዎች ናቸውና ወደ ማያሚ ሄዱ። የቀሩት ከቻይና ጋር ሆነው «ተመሳሳይ አቋም ያላቸው ሀገሮች» የሚል አዲስ ቡድን መሠረቱ። ከመቶ በላይ ሀገሮች ማለት ነው። ቃል አቀባያቸውም እኚሁ የአድዋው ሰው ሆኑ። «የደቡብ ሀገሮች ወንድማማችነት» የሚባለውን መፈክር ለምትወዱ ይህን ልብ በሉልኝ፦ ወንድማማችነቱ የቆመው ሁሉም ድሃ ስለነበረ አይደለም። እህል የሚሸምተው አንድ ወገን፣ እህል የሚሸጠው ሌላ ወገን ሆነ።

የስብሰባው ሊቀ መንበር የኮሎምቢያ የአካባቢ ሚኒስትር ሁዋን ማይር ነበር። ተስፋ አልቆረጠም። በመስከረም 1999 ቪየና ላይ ቡድኖቹን እንደገና ሰበሰባቸውና አንድ የልጅ ጨዋታ የመሰለ ነገር አደረገ፤ ማን ቀድሞ ይናገር የሚለውን ጭቅጭቅ ለማስቀረት ተናጋሪዎቹን ባለ ቀለም ኳስ ከከረጢት እንዲያወጡ አደረጋቸው። እኛ ሰፈር ዕቁብ ስንጥል የምናደርገውን መሆኑ ነው! አምስት ቡድን፣ ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ። ትልቅና ትንሽ ሀገር በዕጣ ፊት እኩል ሆኑ። ለአፍሪካ ይህ ከማንኛውም ንግግር በላይ ጠቅሟታል ብዬ አምናለሁ።

በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ፣ ውጪ ብርዱ አጥንት ሰባብሮ፣ ውስጥ ድርድሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀጥሎ፣ ጥር 29 ሊነጋ ሲል ፕሮቶኮሉ ጸደቀ። እውነቱን ለመናገር አፍሪካ ብቻዋን አላሸነፈችም። በ1999 የአውሮፓ ሸማች በልውጥ ምግብ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ የአውሮፓ መንግሥታት አዲስ ፈቃድ መስጠት አቁመው ነበር፤ ሲያትል ላይ የዓለም ንግድ ድርጅት ስብሰባ በተቃውሞ ተናግቶ ነበር። ነፋሱ ወደ አፍሪካ ቡድን ዞሯል። ነገር ግን ነፋስ ሲዞር ሸራ ይዞ የጠበቀ ነው የሚጓዘው።

ምን ተገኘ? ለመዝራት የሚመጣ ልውጥ ዘር፣ ላኪው አስቀድሞ ሳያሳውቅና ተቀባዩ ሀገር መርምሮ ሳይፈቅድ ድንበር አያልፍም። ሳይንሱ እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜም ሀገሩ «አይሆንም» ማለት ይችላል፤ የቅድመ ጥንቃቄ መርህ የሚባለው ይህ ነው። በገበሬው ኑሮ ላይ የሚያመጣውን ጫናም ከግምት ማስገባት ይቻላል። ምን ታጣ? የምግብና የመኖው እህል በቀላሉ አለፈ። ቅድመ ስምምነቱ አልነካውም፤ ሰነዱ ላይ ልውጠ ሕያው «ሊኖረው ይችላል» ተብሎ ይጻፋል፣ በቃ። ስለዚህች «ይችላል» ስንት ሌሊት እንዳለፈ ሳስብ ይገርመኛል። ጉዳት ቢደርስ ማን ይክፈል የሚለውም ወደፊት ይታይ ተብሎ ታለፈ። «ወደፊት» የመጣው በ2010 ናጎያ ላይ ነው፤ የካሣው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በመጋቢት 2018። ተወልደብርሃን በዚያው በ2000 ዓመት «አማራጭ ኖቤል»ን ተሸለሙ።

አሁን ወደ ግቢው እንመለስ። ፕሮቶኮሉ ሀገሮች ከዚያ የጠበቀ ሕግ እንዲያወጡ ይፈቅዳል። አንድ ትንሽ ሀገር ግን ይህን የሚያረቅ ባለሙያ ከየት ያመጣል? የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መፍትሔው አንድ ሞዴል ሕግ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ባለሙያዎች ተሰብስበው አረቀቁት፣ በሐምሌ 2001 ሉሳካ ላይ ሚኒስትሮች ተቀበሉት። ሞዴል ሕግ እንደ ስፌት ንድፍ ነው፤ እያንዳንዱ ሀገር በልኩ ይቆርጠዋል። ይኸኛው ካርታሄና የተወውን ሁሉ መልሶ አስገባ፦ ምግቡም መኖውም ይፈቀድ ይጠየቅበት፣ ምልክት ይለጠፍበት፣ ሕዝብ ይጠየቅ፣ ጉዳት ያደረሰ ይክፈል።

ፈተናው በዓመቱ መጣ። በ2002 ደቡባዊው አፍሪካ በድርቅ ተመታ፤ የአሜሪካ እርዳታ በቆሎ ልውጥ የተቀላቀለበት ነበር። ዚምባብዌ፣ ሞዛምቢክና ማላዊ ከተፈጨ እንቀበላለን አሉ፤ የተፈጨ አይዘራምና። ዛምቢያ የተፈጨውንም አልፈልግም አለች። ፕሬዚዳንት ሌቪ ምዋናዋሳ መርዝ ብለው ጠሩት። ሳይንቲስቶቻቸውን ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ አውሮፓና አሜሪካ ልከው አስመረመሩ፤ ሳይንቲስቶቹም ተመልሰው አትቀበሉ አሉ። ያን ጊዜ የኛም ሀገር ድርቅ ነበር፤ በ2003 ከ13 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያዊ እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። እና እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ «ዛምቢያ ጎበዝ!» ማለት አልችልም። የተራበ ሰው ፊት መርህ ይዞ መቆም ቀላል ነገር አይደለም፤ «መርዝ» የሚለው ቃልም ከሳይንሱ የራቀ ነበር። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ አራት ጎረቤት ሀገሮች፣ አንድ ዓይነት እህል፣ አንድ ዓይነት ረሃብ፣ እናም የተለያየ መልስ። ሞንትሪያል ላይ አንድ አፍ የነበረው አህጉር፣ ጎተራው ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ በየራሱ አፍ ተናገረ። እያንዳንዱ በቆሎውን የሚመረምርበት የጋራ ቤተ ሙከራ ስላልነበረ ዛምቢያ ሳይንቲስቶቿን በአውሮፕላን ማዞር ነበረባት።

የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። አፍሪካ ለመናገር ተባበረች፤ ለመመርመር አልተባበረችም። ሕጉን ከአዲስ አበባ መቅዳት ይቻላል፤ ቤተ ሙከራ ግን አይቀዳም። ራሱ መመርመር የማይችል መንግሥት ሁለት ምርጫ ነው ያለው፦ ሁሉንም መከልከል ወይም ኩባንያው ያመጣውን ፋይል ማመን። ሁለቱም የራስ ውሳኔ አይባሉም።

ፕሮቶኮሉ መስከረም 11 ቀን 2003 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት አጸደቀችው። በ2005 ደግሞ ቀልድ የሚመስል ነገር ሆነ። የፕሮቶኮሉ አባላት ስብሰባ ሞንትሪያል ላይ ሲጠራ፣ ካናዳ ለተወልደብርሃን ቪዛ ከለከለች። ዓለም አቀፍ ጩኸት ሲነሣ ሰጠቻቸው። የኛ ትውልድ የቪዛ ሰልፍ የሚያውቅ ነውና ስሜቱ ይገባናል፤ ልዩነቱ ሰውየው ሊደራደሩ እንጂ ሊቀሩ አልሄዱም።

ግቢው ራሱም ሁለት ድምፅ ማውጣት የጀመረው በእነዚህ ዓመታት ነው። በ2007 ኅብረቱ ያቋቋመው ከፍተኛ ፓነል፣ ኬንያዊው ካሌስተስ ጁማና ግብፃዊው ኢስማኢል ሰራጌልዲን የመሩት፣ አፍሪካ በዘመናዊ ባዮቴክኖሎጂ ወደኋላ እንዳትቀር፣ አካባቢያዊ የምርምር ማዕከሎች እንዲኖሯት የሚመክር ሰነድ አወጣ። ጁማን ያነበበ ሰው እንደ ኩባንያ ተላላኪ ሊጥለው አይችልም፤ ቤተ ሙከራ ከሌለ ሉዓላዊነት የለም ነው ነገሩ። ተወልደብርሃን ደግሞ መጀመሪያ በሩን እንቆልፍ፣ ከዚያ ቤቱን እንሠራለን ይሉ ነበር ማለት ይቻላል። ሁለቱ ወገን አንድ ላይ ቢሠሩ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። አልሠሩም። ክፍተቱን የሞሉት ሥልጠናና ገንዘብ ይዘው የመጡ የውጭ ለጋሾች ናቸው።

ወደኛው አዋጅ ልምጣ። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 በጳጉሜን 2001 ዓ.ም. ወጣ። የሞዴል ሕጉ ልጅ ነው፤ በዓለም ጥብቅ ከሚባሉትም አንዱ ነበር። ተመራማሪዎች ለሙከራ እንኳ አላላውስ አለን አሉ። ከዚያ የኢንዱስትሪ ፓርክ ዘመን መጣ፤ ጨርቃ ጨርቅ ጥጥ ይፈልጋል፣ ጥጡን ጓይ ትል ይበላዋል። በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 896 ወጣና በሩ ለምርምር ገርበብ አለ። ወረርን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች ቢቲ ጥጥ ተሞከረ፤ በ2018 ሁለት የሕንድ ዲቃላ ዝርያዎች ለገበሬው ተፈቀዱ። ዲቃላ ነው፤ ስለዚህ ዘሩ በየዓመቱ ይገዛል። በዚያው ዓመት ድርቅና አገዳ ቆርቁርን ይቋቋማል የተባለ ልውጥ በቆሎ በተከለለ ማሳ እንዲሞከር ተፈቀደ። ከዚህ በፊት ቢቲ ጥጥን በ2008 በሰፊው የዘራችው ቡርኪና ፋሶ፣ የጥጧ ጭረት አጠረ፣ ገበያ ቀነሰብን ብላ በ2016 ትታዋለች። ያን ልምድ እዚህ ያወራ ሰው ብዙ አልሰማሁም።

የበቆሎው ሙከራ አካባቢያዊ ነው። ኬንያ፣ ሞዛምቢክ፣ ናይጄሪያና ደቡብ አፍሪካም አሉበት፤ ማስተባበሪያው ናይሮቢ ነው። ትብብሩ አልሞተም ማለት ነው፤ አድራሻውን ቀይሯል። በ1990ዎቹ ሚኒስትሮች አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ይሰበሰቡ ነበር፤ አሁን ተመራማሪዎች የኩባንያ ዘረ መል ያለበትን አንድ ዘር ለመሞከር ይሰበሰባሉ። ለዘረ መሉ አፍሪካውያኑ የፈቃድ ክፍያ አይጠየቁም ተብሏል። መልካም። ግን ዝርያውን ማን ይመርጣል የሚለው ጥያቄ ከክፍያው ይለያል።

ተወልደብርሃን በመጋቢት 2023 አዲስ አበባ ላይ አረፉ፤ 83 ዓመታቸው ነበር። ፕሮቶኮሉ ከ170 በላይ አባል ሀገሮች አሉት።

ጎረቤታችን ኬንያ በ2012 የጣለችውን የልውጥ ምግብ እገዳ በጥቅምት 2022 አነሣች፤ ጉዳዩ ወዲያው ፍርድ ቤት ገባ። ሞያሌ ላይ ግን በቆሎ ፍርድ ቤት አይጠብቅም። ጆንያው በጋሪም በአህያም ድንበሩን ያልፋል፤ ገዢው ያማረውን ለይቶ ለክረምቱ ዘር ያስቀምጣል። የካርታሄና ፕሮቶኮል አንቀጽ 17 ልውጠ ሕያው ሳይታሰብ ድንበር ሊሻገር ሲችል ሀገሩ ለጎረቤቱ ማሳወቅ አለበት ይላል። ይህን አንቀጽ ካጻፉት መካከል አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ሞያሌ ኬላ ላይ ያለው ሠራተኛ ጆንያውን ከፍቶ የሚያይበት መሣሪያ፣ ያየውንም ማታውኑ ማዶ ላለው ባልደረባው የሚነግርበት አሠራር እንዲኖረው ማድረግ ግን ሌላ ስብሰባ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ እሱ ስብሰባ ሲጠራ መንገዱ ቢዘጋብንም አንማረርም።